ሚዲያንን ከሂስቶግራም ላይ መገመት፦ ድንበሩ የት ይተከል?

ማታ ማታ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ስታቲስቲክስ ላይ ስንደርስ አንድ ሂስቶግራም (መረጃን በየክፍሉ ቆጥሮ በተያያዙ ምሰሶዎች የሚያሳይ ሥዕል) ሰሌዳው ላይ እሥልና «ሚዲያኑ የት ጋ ይመስላችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሚዲያን ማለት መረጃው ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር መሀል ላይ የሚውለው ቁጥር ነው። በየዓመቱ የሚመጡት መልሶች ያው ሦስቱ ናቸው። አንዱ «ቲቸር፣ ረጅሙ ምሰሶ ላይ ነዋ!» ይላል። ሌላዋ ትነሣና አግድም መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ለክታ መሀሉ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። ሦስተኛው ምሰሶዎቹን ቆጥሮ የመሀሉን ይመርጣል። ሦስቱም የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ሂስቶግራም ስፋት ያለው ነገር መሆኑን ረስተዋል።

ገጠር ያደገ ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል። ሁለት ወንድማማቾች ያባታቸውን እርሻ እኩል ይካፈሉ ቢባል፣ የድንበሩ ድንጋይ የግድ በርዝመቱ እኩሌታ ላይ አይተከልም። እርሻው በአንድ ዳር ሰፍቶ በሌላው ዳር እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ድንበሩ ወደ ሰፊው ዳር ይጠጋል። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ለሁለቱም እኩል መሬት መድረሱን ብቻ ነው። የሂስቶግራም ሚዲያንም ይኸው የድንበር ድንጋይ ነው። ከግራው ያለው ስፋት ከቀኙ ካለው ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ ላይ ይተከላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ቦታ መፈለግ ነው።

ሦስት ቃላት እንዳይምታቱብን፦ የምሰሶውን አግድም ልክ ወርድ፣ ሽቅብ ልኩን ቁመት እላለሁ። ስፋት የምለው የሁለቱን ብዜት ነው።

የምንሠራበት ምሳሌ

ለልምምድ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። 60 ተማሪዎች ከቤታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ተጠየቁ እንበል። አብዛኞቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ከፒያሳና ከአራዳ በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ አዘዞ ታክሲ ጠብቀው ነው የሚመጡት። የሂስቶግራሙ ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው፦

ከ0 እስከ 10 ደቂቃ፦ 8 ተማሪ
ከ10 እስከ 20፦ 19
ከ20 እስከ 30፦ 14
ከ30 እስከ 40፦ 8
ከ40 እስከ 50፦ 5
ከ50 እስከ 60፦ 3
ከ60 እስከ 70፦ 2
ከ70 እስከ 80፦ 1

ድንበር ላይ የዋለ መልስ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ይገባል፤ ልክ 20 ደቂቃ ያለ ተማሪ የሚቆጠረው ሦስተኛው ምሰሶ ውስጥ ነው።

የ60ዎቹ መልስ አንድ በአንድ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን የመሀሉን ማንሣት ብቻ ነበር ሥራችን። ሂስቶግራሙ ግን «በ20 እና በ30 መካከል 14 ተማሪ አለ» ይላል እንጂ 14ቱ 21 ይበሉ 29 አይነግረንም። ስለዚህ የምናገኘው ግምት ነው። ግምት መሆኑን እስከ መጨረሻው አትርሱት።

አንደኛ፦ ጠቅላላውን እኩል ክፈሉ

የምሰሶዎቹን ሁሉ ድምር ያዙ፤ 60 ነው። እኩሌታው 30። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ አክብቡበት፤ የምንፈልገው ከግራ 30 ተማሪ የሚያልቅበትን ቦታ ነው።

ሁለተኛ፦ ከግራ እየደመራችሁ ሂዱ

8። ከዚያ 8 እና 19፣ 27። ከዚያ 27 እና 14፣ 41። እዚህ ላይ ቁሙ። 27 ከ30 ያንሳል፤ 41 ደግሞ 30ን አልፎታል። ስለዚህ ድንበሩ የሚያርፈው ሦስተኛው ምሰሶ ውስጥ፣ በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል ነው። ረጅሙ ምሰሶ ከ10 እስከ 20 ያለው እንደሆነ ልብ በሉ። «ረጅሙ ላይ ነዋ» ያለው ልጅ የሚዲያኑን ምሰሶ እንኳ አላገኘም። የአግድም መስመሩን እኩሌታ፣ ማለትም 40ን የጠቆመችው ደግሞ ይብስ ርቃለች።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ የምሰሶውን እኩሌታ ወስዶ «ሚዲያኑ 25 ነው» ይልና ይዘጋዋል። አትቸኩሉ፤ አንድ እርምጃ ይቀራል።

ሦስተኛ፦ ምሰሶው ውስጥ ግቡ

እስከ 20 ደቂቃ ድረስ 27 ተማሪ አግኝተናል። 30 ለመሙላት 3 ይጎድለናል። ያን 3 የምንወስደው 14 ካለው ምሰሶ ነው። 14ቱ በምሰሶው ውስጥ እኩል ተበትነዋል ብለን እናስባለን፤ ይህ የዘዴው ብቸኛ ግምት ነው። እንግዲያው ከምሰሶው ወርድ 3 ከ14ኛውን ብቻ እንገባለን። ወርዱ 10 ደቂቃ ስለሆነ፦

3 ÷ 14 × 10 = 2.14

20 + 2.14 = 22.14

ሚዲያኑ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀመር መያዝ ለሚወድ፦ የምሰሶውን ታችኛ ዳር ውሰድ፤ ከእኩሌታው ላይ ቀድሞ የተደመረውን ቀንስ፤ ለምሰሶው ቁጥር አካፍል፤ በወርዱ አባዛ፤ ታችኛው ዳር ላይ ደምር። እኔ ግን ተማሪዎቼ ቀመሩን ከመሸምደዳቸው በፊት «ስንት ይጎድለኛል? ከስንቱ ልውሰድ?» እያሉ በቃል እንዲሠሩት አደርጋለሁ። ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ ፈተና ላይ ቀድሞ የተደመረውን ከሚዲያኑ ምሰሶ ቁጥር ጋር ያምታታዋል። ጥያቄውን የያዘ አይሳሳትም።

አራተኛ፦ ከቀኝ ተመልሳችሁ አረጋግጡ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ከቀኝ ጫፍ ጀምራችሁ ደምሩ፦ 1፣ 3፣ 6፣ 11፣ 19። ከ30 ደቂቃ በላይ 19 ተማሪ አለ ማለት ነው። 30 ለመሙላት 11 ይጎድላል። 11 ÷ 14 × 10 = 7.86። አሁን ከላይኛው ዳር ቀንሱ፤ 30 − 7.86 = 22.14። በሁለቱም በኩል ያው ቦታ ላይ ተገናኘን። ካልተገናኛችሁ የሆነ ቦታ ድምር ተሳስቷል፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ፈልጉት።

ይህ ማረጋገጫ አንድ የቆየ ክርክርም ይፈታል። ዝርዝር ቁጥሮችን ስንደረድር የመሀሉን ቦታ ለማግኘት አንድ ጨምረን ለሁለት እናካፍላለን፤ 60 ቢሆን 30.5። «እዚህስ ለምን 30.5 አንልም?» ብላ አንዲት ተማሪዬ ያዘችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለታችንም ሞከርነው። ከግራ 3.5 ÷ 14 × 10 = 2.5፣ ሚዲያኑ 22.5 ሆነ። ከቀኝ 11.5 ÷ 14 × 10 = 8.21፣ ሚዲያኑ 21.79 ሆነ። አንድ ድንበር ሁለት ቦታ ሊተከል አይችልም። ሂስቶግራም ላይ የምንከፍለው ስፋት ስለሆነ ትክክለኛው እኩሌታ 30 ነው።

ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር ከሌለ

ሪፖርት ላይ የሚታተም ሂስቶግራም ብዙ ጊዜ ቁጥር አይጻፍበትም። ወርዳቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ማስመሪያ ይበቃል። የእያንዳንዱን ምሰሶ ቁመት በሚሊሜትር ለኩ። የእኛን ምሳሌ ብትለኩት ለምሳሌ 16፣ 38፣ 28፣ 16፣ 10፣ 6፣ 4፣ 2 ይወጣል። ድምሩ 120፣ እኩሌታው 60። 16 እና 38፣ 54፤ 6 ይጎድላል፤ 6 ÷ 28 × 10 = 2.14። ያው 22.14 መጣ። ስንት ሰው እንደተጠየቀ ሳናውቅ ሚዲያኑን አወቅን። ቋሚው መስመር በመቶኛ የተጻፈ ከሆነም ሥራው አይለወጥም፤ እኩሌታው 50 ይሆናል፣ በቃ።

ወርዳቸው የተለያየ ምሰሶዎች

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። ያንኑ የ60 ተማሪዎች መረጃ አንድ ሌላ ሰው እንዲህ ከፋፈለው እንበል፦

ከ0 እስከ 10፦ 8 ተማሪ፣ ቁመት 0.8
ከ10 እስከ 15፦ 10 ተማሪ፣ ቁመት 2
ከ15 እስከ 20፦ 9 ተማሪ፣ ቁመት 1.8
ከ20 እስከ 30፦ 14 ተማሪ፣ ቁመት 1.4
ከ30 እስከ 50፦ 13 ተማሪ፣ ቁመት 0.65
ከ50 እስከ 80፦ 6 ተማሪ፣ ቁመት 0.2

ቁመቱ የተማሪ ቁጥር አይደለም። ለእያንዳንዱ ደቂቃ ወርድ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ለወርዱ ተካፍሎ የመጣ ነው። ልክ በሄክታር ስንት ኩንታል ጤፍ እንደተገኘ እንደምንናገረው። የእርሻውን ስፋት ሳያውቅ «በሄክታር ይህን ያህል» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ጎተራው ስንት እንደያዘ መናገር የሚችል የለም።

እንግዲህ ሂስቶግራሙ የሚያሳየን ቁመቱን ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመን እያንዳንዱን ቁመት በወርዱ እናባዛለን። 0.8 × 10 = 8፤ 2 × 5 = 10፤ 1.8 × 5 = 9፤ 1.4 × 10 = 14፤ 0.65 × 20 = 13፤ 0.2 × 30 = 6። ድምሩ 60። ከዚያ በኋላ ያለው የለመድነው መንገድ ነው፦ 8፣ 18፣ 27፣ ከዚያ 3 ይጎድላል፣ 20 + 2.14።

ማባዛቱን የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ላሳያችሁ። ቁመቶቹን ብቻ ይደምራል፤ 6.85። እኩሌታው 3.425። 0.8 እና 2፣ 2.8፤ 0.625 ይጎድለዋል፤ 0.625 ÷ 1.8 × 5 = 1.74፤ ሚዲያኑ 16.74 ነው ብሎ ይጽፋል። ከትክክለኛው ከ5 ደቂቃ በላይ አነሰ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ጮሆ አይናገርም፤ 16.74 ለዓይን እውነት ይመስላልና ማንም ሳይጠረጥረው ያልፋል። ስለዚህ ማንኛውንም ሂስቶግራም ስታዩ መጀመሪያ አግድም መስመሩን አንብቡ፤ ምሰሶዎቹ ሁሉ እኩል ወርድ አላቸው ወይ?

ስሌቱ ያልሆነላችሁ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሥላችሁ ካሬዎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። ካሬ ሲቆጠር ወርድም ቁመትም በአንዴ ይቆጠራል።

የምሰሶው ዳር በእርግጥ የት ነው?

ተማሪዎችን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብንላቸው «16» ይላሉ። 16 ዓመት ከ11 ወር የሆነውም 16 ነው የሚለው። ስለዚህ የ16 ምሰሶ ከ16 ይጀምርና 17 ሊሞላ ሲል ያበቃል። ኪሎ ስንመዘን ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቅርቡ ቁጥር ይጠጋጋል፤ 50 ኪሎ የተባለው ከ49.5 እስከ 50.5 ያለውን ሁሉ ይይዛል። ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ ዳራቸው ግን ይለያያል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? 50 ተማሪዎች ዕድሜያቸውን ተናገሩ እንበል፤ 14 ያሉት 4፣ 15 ያሉት 13፣ 16 ያሉት 18፣ 17 ያሉት 9፣ 18 ያሉት 6። እኩሌታው 25፤ እስከ 15 ድረስ 17 አለ፤ 8 ይጎድላል፤ 8 ÷ 18 = 0.44። ሚዲያኑ 16.44 ነው፤ 16 ዓመት ከ5 ወር ገደማ። ምሰሶውን ከ15.5 እስከ 16.5 አድርጎ የሣለ ሰው ግን 15.94 ያገኛል። ስሌቱ አንድም ቦታ ሳይሳሳት የግማሽ ዓመት ስሕተት ገባ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይኸኛው ከአነጋገራችን የሚመጣ ነው። ሰው ደቂቃ ሲጠየቅ «17 ደቂቃ» አይልም። «ሩብ ሰዓት»፣ «ሃያ ደቂቃ»፣ «ግማሽ ሰዓት» ነው የሚለው። መልሶቹ በምሰሶው ውስጥ እኩል አይበተኑም፤ 15፣ 20 እና 30 ላይ ይከማቻሉ። የእኛ የ20–30 ምሰሶ ውስጥ ካሉት 14 ተማሪዎች 8ቱ «ሃያ»፣ 5ቱ «ሃያ አምስት»፣ አንዱ «ሃያ ስምንት» ያሉ ቢሆኑስ? ሁሉንም ብንደረድራቸው 30ኛውም 31ኛውም ተማሪ «ሃያ» ያለ ነው፤ እውነተኛው ሚዲያን 20 ይሆናል። ግምታችን 22.14 ነበር።

መፍትሔው ሂስቶግራሙን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ቀላል ነው፦ ሰው የሚወዳቸው ቁጥሮች ምሰሶው ዳር ላይ ሳይሆን መሀሉ ላይ እንዲውሉ አድርጉ። ምሰሶዎቹን ከ12.5 እስከ 17.5፣ ከ17.5 እስከ 22.5 እያልን ብንከፍላቸውና ከ15 እስከ 20 ያሉት 9ኙም «ሩብ ሰዓት» ያሉ ቢሆኑ፣ ከ17.5 በታች 27፣ በሚቀጥለው ምሰሶ 8 ይሆናል። 17.5 + 3 ÷ 8 × 5 = 19.4። ወደ 20 በጣም ቀረበ። ሂስቶግራሙ የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ግን ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ መልሱን «22.14» ብሎ ከመጻፍ «22 ገደማ» ማለት ይሻላል። ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ድረስ ትክክል ነኝ የሚል ቁጥር የሌለንን እውቀት ያለን ያስመስላል።

በካርቶን መሞከር

ከአማካይ ጋር ለሚምታታባቸው ልጆች የማደርገው ይህን ነው። የብስኩት ካርቶን ላይ ሂስቶግራሙን በትልቁ እሥላለሁ፤ ለአንድ ደቂቃ 2 ሚሊሜትር ወርድ፣ ለአንድ ተማሪ 5 ሚሊሜትር ቁመት። ዙሪያውን በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ አንዱን ልጅ እርሳስ አስይዤ ካርቶኑን እርሳሱ ላይ አጋድሞ እንዲያመዛዝነው አደርጋለሁ። ወዲያ ሲያዘነብል ወዲህ ሲመልሰው ቆይቶ ከግራው ጫፍ 5.2 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ይህ አማካዩ ነው፤ በስሌት 25.8 ደቂቃ ይወጣል። ቀጥሎ ከግራ 4.4 ሴንቲሜትር ላይ በመቀስ ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ይህ ሚዲያኑ ነው። ሁለቱን ቁራጮች በማስመሪያ ሁለት ጫፍ በክር ብታንጠለጥሏቸውና ማስመሪያውን መሀሉ ላይ ብትይዙት፣ ይመዛዘናሉ።

አሁን የቀኝ ጫፉን፣ ከአዘዞ የሚመጣውን የአንድ ተማሪ ቁራጭ፣ ከ70–80 አንሥታችሁ ከ110–120 ላይ እንደወሰዳችሁት አስቡ። አማካዩ ከ25.8 ወደ 26.5 ይሄዳል። ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም፤ በስተቀኙ ያለው መሬት ራቀ እንጂ አልጨመረም። የመጨረሻው ምሰሶ «ከ80 በላይ» ተብሎ ክፍት ሲተው አማካይን ማስላት የሚቸግረን፣ ሚዲያንን ግን ያለ ችግር የምናገኘው ለዚህ ነው።

በመስመር ማግኘት

ስሌት ሳትወዱ መልሱን በዓይን ማየት ብትፈልጉ፣ ድምሮቹን ነጥብ አድርጋችሁ ሣሉ፦ በ0 ላይ 0፣ በ10 ላይ 8፣ በ20 ላይ 27፣ በ30 ላይ 41፣ እያላችሁ በ80 ላይ 60። ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኙ። ይህን ሥዕል እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን ኦጃይቭ ብሎ ጠራው። ከቋሚው መስመር 30 ላይ ተነሥታችሁ በአግድም ሂዱ፤ መስመሩን ስትነኩ ቁልቁል ውረዱ። 22 ላይ ታርፋላችሁ። በሦስተኛው እርምጃ የሠራነው ስሌት ይኸው ሥዕል ነው።

ሁለት አጋጣሚዎች

ስትደምሩ እኩሌታው ልክ የአንድ ምሰሶ ማለቂያ ላይ ከሞላ ሥራው አልቋል፤ ሚዲያኑ ያ ዳር ነው። ከዚያ ዳር ቀጥሎ ያለው ምሰሶ ባዶ ከሆነ ግን ባዶው ቦታ ላይ የትም ብትቆሙ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ በልማድ የባዶውን ቦታ እኩሌታ እንወስዳለን።

ከዚህ ወዲያ ሩብና ሦስት ሩብ

እኩሌታን ያገኘ ሰው ሩቡን ለማግኘት አዲስ ነገር መማር የለበትም። የ60 ሩብ 15 ነው። እስከ 10 ደቂቃ 8 አለ፤ 7 ይጎድላል፤ 7 ÷ 19 × 10 = 3.7፤ ስለዚህ 13.7። ጠበብ ያሉትን ምሰሶዎች ብንጠቀም 7 ÷ 10 × 5 = 3.5፣ 13.5 ይሆናል፤ ጠባብ ምሰሶ የተሻለ ግምት ይሰጣል። ሦስት ሩቡ 45 ነው፤ እስከ 30 ደቂቃ 41 አለ፤ 4 ይጎድላል፤ 4 ÷ 8 × 10 = 5፤ ስለዚህ 35።

ወረቀታችሁ ላይ የምትጽፉት እንግዲህ ይህ ነው፦ «ከ60ዎቹ ተማሪዎች ግማሾቹ 22 ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ የመሀለኛዎቹ ግማሽ ጉዞ ከ14 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳል። ቁጥሮቹ ከሂስቶግራም የተገመቱ ናቸው።»